አዲስ ወይስ ያገለገለ? ስለ ስፖርት አውቶሞቢል ግዢ የቀረበ አስተያየት

ንግዱ የተቃናለት፣ ዕዳውን የከፈለ፣ ልጆቹንም ለወግ ያበቃ ነጋዴ አንድ ቀን ልቡ ሁለት ሰው ብቻ ወደምትይዝ፣ ከመሬት ዝቅ ብላ ወደምትሄድ፣ ድምፅዋም ከሩቅ ወደሚሰማ አውቶሞቢል ቢያዘነብል የሚያስነቅፈው ነገር የለም። ገንዘቡ የላቡ ዋጋ ነውና እንደ ወደደ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ምኞት በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በዱባይም በሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይታያል፤ ምኞቱም ወደ ግዢ በሚለወጥበት ሰዓት ወዲያው አንድ ጥያቄ ይነሣል። አዲሱ ይሻላል ወይስ ያገለገለው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ መካሪ ነው። አንዱ «የሰው ጣጣ ገንዘብ አውጥተህ ለምን ትገዛለህ፤ አዲሱን ውሰድ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከመደብሩ በር እንደ ወጣች ዋጋዋ ይወድቃል፤ እያወቅህ ለምን ትከስራለህ» ይላል። ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ጥያቄውን በማይያዝበት በኩል ይዘውታል። ሸቀጥ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ከማንም ይልቅ ሊያውቀው እንደሚገባ፣ የአንድ ዕቃ ዕድሜ ብቻውን ስለ ዕቃው ጥሩነት ምስክር አይሆንም፤ ምስክሩ ከዕቃው ጋር የሚመጣው ሰነድ ነው። የጥገናው መዝገብ የተሟላ ሲሆንና ሻጩ ቃሉን በጽሑፍ ሲሰጥ ያገለገለው ከአዲሱ ይመረጣል። መዝገቡ በሌለበት ግን ዋጋው በግማሽ ቢወርድ እንኳ መግዛት አይገባም።

አስቀድሞ የአዲሱን ነገር እንመልከት። አዲስ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ከሞተሩና ከብረቱ ሌላ የሚከፍልበት ነገር አለ፤ ይኸውም የመጀመሪያ ባለቤት የመሆን ደስታ ነው። ይህ ደስታ ዋጋ ቢኖረውም ተመልሶ አይሸጥም። በአሜሪካ ገበያ እንደ ተለመደው አንድ ተራ አውቶሞቢል በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋው ከአምስት አንዱን እጅ ያህል ያጣል። የፋብሪካ ዋስትና መኖሩ፣ ባንኩም ለማበደር መፍቀዱ የአዲሱ ጥቅም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ይህም ቢሆን በዋጋው ውስጥ ተቈጥሮ የገባ እንጂ የስጦታ አይደለም።

የስፖርት አውቶሞቢሎች ግን ሁሉም በዚህ ልማድ አይመሩም። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ ስምንተኛውን የኮርቬት ትውልድ፣ ሞተሩን ከነጂው በስተኋላ አድርጎ፣ በእ.ኤ.አ. 2020 ሞዴል ባወጣ ጊዜ የመነሻው ዋጋ ከ60,000 ዶላር በጥቂት ያነሰ ነበር። ፋብሪካው ለፈላጊው ሁሉ ሊያዳርስ ስላልቻለ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር የተነዳው ከአዲሱ የፋብሪካ ዋጋ በላይ ሲሸጥ ታይቷል። ያን ጊዜ ወረፋ ጠብቆ በፋብሪካ ዋጋ የወሰደ ሰው አተረፈ፤ ያልታገሠው ደግሞ የሌላውን ሰው ትዕግሥት በገንዘብ ገዛ። ምርቱ ሲበረክት ያ ብልጫ ቀለጠ። ጨውም ሆነ ቡና የነገደ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም።

ወደ ያገለገሉት ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል፤ ሁሉንም በአንድ ስም «አሮጌ» ብሎ መጥራት ስሕተት መሆኑ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው።

የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ ኤም ኤክስ-5 የተባለችውን፣ በአሜሪካ ሚያታ የምትባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ አቀረበ። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ክብደቷም አንድ ቶን የማይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠሩት ብዛት አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ይህ ቁጥር ለገዢ ትልቅ ትርጕም አለው፤ ዕቃው በበዛ መጠን መለዋወጫው ይበዛል፣ ሥራውን የሚያውቀው መካኒክ ይበዛል፣ ደካማ ጎኑም ተደብቆ ሊኖር አይችልምና። በእርግጥም የዚህች አውቶሞቢል ጉድለቶች በፈላጊው ሁሉ ዘንድ የታወቁ ናቸው፦ በእርጥብ አገር የኖረች ከሆነች ከበሮቹ ግርጌ ያለው ብረት ይዝጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ አጭር በመሆኑ እየላላ ያስቸግር ነበር። ይህን የሚያውቅ ገዢ አንድ ሰዓት ከሥሯ ተኝቶ ቢመረምራት የሚገዛውን አውቆ ይገዛል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የስፖርት አውቶሞቢል ለሚገዛ ሰው፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያገለገለች፣ የጥገና ደብተርዋ የተሟላ የዚህ ዓይነቷ የተሻለች ናት ብሎ መናገር ድፍረት አይሆንም።

የጀርመኑ ፖርሽ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በሠራቸው በቦክስተርና 996 በተባለው የ911 ትውልድ ሞተር ውስጥ፣ መካከለኛው ዘንግ በሚዞርበት ጫፍ አንዲት ኩሽኔታ አለች። ይህች ኩሽኔታ በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ምንም ሳትሆን ትኖራለች፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን ሳይታሰብ ትሰበራለች። በተሰበረች ጊዜ ስብርባሪዋ በዘይቱ አማካይነት ሞተሩን ሁሉ ይዳረሳል፤ የሰዓት ያህል ትክክል ሲሠራ የነበረ ሞተር በአንዲት ቅጽበት የብረት ክምር ይሆናል። ነገሩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቡድን ክስ ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት ተዘግቷል። ከ2009 ሞዴል ወዲህ ባለው የ911 ሞተር ውስጥ ያ ዘንግ የለም።

አሁን ሁለት 996 አውቶሞቢሎች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። የተሠሩበት ዓመት አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ የሄዱት ኪሎሜትርም አንድ ነው። የአንደኛዋ ባለቤት ፍሪሲዮን ባስቀየረ ጊዜ፣ ካምቢዮው መውረዱ ካልቀረ ብሎ፣ ያችን ኩሽኔታ አብሮ በጠንካራ አስለውጧል፤ ደረሰኙም ከነቀኑና ከነኪሎሜትሩ በፋይል ውስጥ አለ። የሁለተኛዋ ባለቤት ግን «ሞተሩ አልተነካም» ብሎ በኩራት ይናገራል። በገበያ ላይ ሁለተኛው ቃል ጣፋጭ ሆኖ ይሰማል፤ ላልተነካ ሞተር ተጨማሪ የሚከፍልም አይጠፋም። ዳሩ ግን ዋጋ የሚገባው የተነካው ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኮፈኑ ሥር የሚታይ አይደለም፤ ያለው በአንዲት ወረቀት ላይ ነው። ለደረሰኝ የሚገባውን ክብር ከነጋዴ በቀር ማን ሊሰጠው ይችላል?

ስለ ፌራሪ በአጭሩ እንለፍ። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 የተሠራችው ኤፍ 355 መልኳ ያማረ ነው፤ የሞተሯን ቺንጊያ ለመቀየር ግን ሞተሩ ከነአካቴው ከአውቶሞቢሏ መውረድ ነበረበት። ይህ ሥራ በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። እንዲህ ያለችውን አውቶሞቢል «በርካሽ» ያገኘ ሰው ያገኘው አውቶሞቢሏን ሳይሆን የሚቀጥለውን የጋራዥ ሒሳብ ነው።

ከነዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ግን የኪሎሜትር ጉዳይ ነው። «ቤት የቆመች ናት፤ በዓመት አንድ ሺህ ኪሎሜትር አልሄደችም» የሚለው ቃል እንደ ምርቃት ይቈጠራል። አውቶሞቢል ግን እንደ ሰው ናት፤ ብዙ መተኛት ያሳምማታል። ቆማ የኖረች እንደ ሆነ ጎሚኖቿ ይደርቃሉ፣ ቤንዚኑ ይበላሻል፣ ፍሬኑ ይዝጋል፣ ጎማዎቿም ጥርሳቸው ሙሉ እንደ ሆነ ውስጣቸው ይደርቃል። ስለ ጎማ አንድ የማያሳስት ምልክት አለ፦ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩት ጎማዎች ጎን ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ሻጩ «ጎማውን አምና ለወጥሁ» ሲል ይህ አኃዝ ሌላ የሚናገር ከሆነ፣ ገዢው ስለ ጎማው ብቻ ሳይሆን ስለ ሻጩም አንድ ነገር ተምሯል። ስቱኮና ዱኮም እንዲሁ ናቸው፤ አዲስ ቀለም የተቀባ በር በጠራራ ፀሐይ ከጎረቤቱ ጋር ሲነጻጸር መለየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በምሽት ወይም ከታጠበች በኋላ ገና ሳትደርቅ የምትታይ አውቶሞቢል በሌላ ቀን ብትታይ ይሻላል።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ለገዢው ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከገዢው ይልቅ ሻጮችን የሚነካ ነው፤ በዚህ ጋዜጣ ላይ ሊነሣ የተገባውም ስለዚህ ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኤኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አሜሪካኖች ጉድለቱ ተደብቆ የተሸጠ አውቶሞቢል ሲያጋጥማቸው «ሎሚ» ይሉታልና የጽሑፉም ስም ከዚያው የተወሰደ ነበር። ጽሑፉን አስቀድመው ያዩት ሦስት መጽሔቶች አልተቀበሉትም፤ ደራሲው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የሐሳቡ ፍሬ ለማንም ባለሱቅ ግልጽ ነው። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ስላልቻለ ለጥሩውም ለመጥፎውም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ አውቶሞቢል ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል። በገበያው መጥፎው ይበዛል፤ ገዢው ይህን ሲያይ ዋጋውን እንደ ገና ይቀንሳል፤ አሁንም ሌላ ጥሩ ዕቃ ይወጣል። እንዲህ እየሆነ ሐቀኛው ሻጭ በማያውቀው ሰው ኃጢአት ይቀጣል። በደላላ ቃል ብቻ በሚሠራ ገበያ ውስጥ ንጹሕ አውቶሞቢል ይዞ የቆመና «ሁሉም እንዲህ ይላል» የተባለ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

መድኃኒቱ በሌላ አገር ተገኝቷል። በአሜሪካ ኪሎሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ የፌዴራል ሕግ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ደግሞ ያገለገለ አውቶሞቢል የሚሸጥ ነጋዴ አውቶሞቢሉ ዋስትና ያለው ወይም የሌለው መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፍ ታዘዘ፤ ወረቀቱም ገዢው በራሱ መካኒክ እንዲያስመረምርና የቃል ተስፋን ሁሉ በጽሑፍ እንዲቀበል ይመክራል። በጃፓን ያገለገሉ አውቶሞቢሎች በሚሸጡበት ጨረታ ምርመራውን የሚያደርገው የጨረታው ቤት ሠራተኛ እንጂ ሻጩ አይደለም፤ ጭረቱም፣ ስርጕዱም፣ የተለወጠው በርም በሥዕል ላይ ምልክት ተደርጎበት ከነደረጃው በአንድ ገጽ ይቀርባል። ገዢው አውቶሞቢሉን ሳያይ በወረቀቱ ብቻ ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚገዛውም ስለዚህ ነው። የሚያስደንቀው ወረቀቱ ሳይሆን ሰው ሁሉ ወረቀቱን ማመኑ ነው።

በኢትዮጵያ ምርጫው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌላ መልክ ይዟል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከአዲሶቹ ይልቅ የከበደ ቀረጥ ጣለ፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥርም ሸክሙ ይጨምራል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ የቤንዚን ስፖርት አውቶሞቢል የሚመኝ ሰው ቀድሞ ከገቡት መካከል ለመፈለግ ተገደደ፤ አዲስ የሚፈልግም ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ግድ ሆነበት። ይህ ማለት በከተማው ውስጥ ያሉት አውቶሞቢሎች እጅ በእጅ እየተላለፉ ይኖራሉ ማለት ነው፤ መዝገባቸው ግን ከባለቤት ወደ ባለቤት አብሮ አይተላለፍም። ሊብሬው የባለቤትነት፣ ቦሎውም የዓመቱ ምርመራ ምስክር ናቸው፤ ሁለቱም አውቶሞቢሏ ትናንት ምን እንደ ደረሰባት አይናገሩም።

የአዲስ አበባ ገዢ ከዚህ ሌላ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት አንዱን እጅ በላይ እዚህ ያጣል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ 180 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተጻፈች አውቶሞቢል በእንጦጦ ዳገት ላይ ከ140 ብዙ ላትበልጥ ትችላለች። ተርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት በአመዛኙ ያካክሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርን ግን ከፍታው ጉልበት አይቀንሰውም። ዝቅ ብላ የተሠራች አውቶሞቢል በየሰፈሩ ካለው የፍጥነት መግቻ ጋር ስለሚኖራት ጠብም መናገር አያስፈልግም፤ ከመግዛት በፊት በዕለት መንገድ ላይ አንድ ጊዜ መንዳት ሁሉን ያስረዳል።

በኤሌክትሪክ በሚሄዱት ላይ ደግሞ ጥያቄው ከኩሽኔታና ከቺንጊያ ወደ ባትሪ ይዛወራል። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2019 ታይካን የተባለችውን የኤሌክትሪክ ስፖርት አውቶሞቢል ሲያወጣ ለባትሪው የስምንት ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎሜትር ዋስትና ሰጥቷል። ያገለገሉት ታይካኖች በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ዋጋቸው በፍጥነት ወርዷል፤ የወረደውም በከፊል ገዢው የባትሪውን ጤና በዓይኑ ሊያይ ስለማይችል ነው። ባትሪው ከአዲስነቱ ምን ያህል እንደ ቀረው በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት ሊሰጥ ይችላል። ይህ ወረቀት ያላት አውቶሞቢል ከሌላት ጋር በአንድ ዋጋ ልትቆም አይገባትም። ከውጭ አገር የተሰጠ ዋስትና በኢትዮጵያ የሚሠራ መሆን አለመሆኑም ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ አውቶሞቢል የሚሸጡ የምክር ቤቱ አባሎች ሕግ እስኪወጣ ሳይጠብቁ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። ለሚሸጡት ላገለገለ አውቶሞቢል ሁሉ አንዲት ገጽ ያዘጋጁ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ በሽያጩ ቀን የሚነበበው ኪሎሜትር፣ የታወቀ ግጭት ካለ ቦታው፣ የተለወጠ ዋና ዕቃ ካለ ደረሰኙ፣ የጎማዎቹ ዘመን፣ የኤሌክትሪክ ከሆነም የባትሪው ልኬት። የማያውቁትን «አይታወቅም» ብለው ይጻፉ፤ ይህ ቃል በጽሑፍ ሲሰፍር ነውር የለበትም። አንዳንድ ነጋዴ «ጉድለቱን በገዛ እጄ ጽፌ እንዴት እሸጣለሁ» ይል ይሆናል። ጉድለቱ ግን ተጻፈም አልተጻፈም በዋጋው ውስጥ አለ፤ ያልጻፈ ነጋዴ የሌሎችን ሁሉ ጉድለት ጨምሮ በራሱ ዕቃ ላይ ይሸከማል። ከዚህም ሌላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ገዢውም ዕቃውን እንዳገኘ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል። የተፈረመች ገጽ ካለች በሁለቱ መካከል ከሽያጭ በኋላ የሚነሣው ክርክር ገና ሳይጀመር ግማሹ አልቋል።

ለገዢው ነጋዴ የሚቀረው የሒሳብ ጉዳይ ነው። የስፖርት አውቶሞቢል ከድርጅቱ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ላይ ሊገዛ አይገባውም፤ በመጋዘን ያለ ዕቃ ባይሸጥ እንኳ ዋጋው ይጠበቃል፣ ይህች ግን ቆማም ሄዳም ትበላለች። ከትርፍ ድርሻው ላይ የሚገዛ ሰው ደግሞ ያለውን ሁሉ በአውቶሞቢሏ ላይ አያፍስስ፤ ያገለገለች ሲገዛ ከዋጋዋ ከአምስት አንዱን እጅ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና በባንክ ቢያስቀምጥ መልካም ነው፤ ይህን ማድረግ ካልቻለ በዋጋ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለችውን ይምረጥ። ውሉም ሲጻፍ ኪሎሜትሩ በአኃዝና በፊደል ይስፈር፣ ደረሰኞቹ እየተቈጠሩ ብዛታቸው በውሉ ውስጥ ይጠቀስ፣ ከተፈረመውም አንዱ ቅጂ በአውቶሞቢሏ ውስጥ ሳይሆን በቢሮው ፋይል ይቀመጥ።